ከ2,528 ዶላር ውስጥ 361ዱ፦ ሞርጌጅን ቀድሞ ስለመክፈል

ቤት በገዛን ሰሞን የመጀመሪያው የሞርጌጅ፣ የቤት ብድሩ፣ ወረቀት በፖስታ መጣ። ባለቤቴ ከፍታ አየችውና "ተሳስተዋል፣ ደውልላቸው" አለችኝ። ከከፈልነው ገንዘብ ውስጥ ከዕዳችን ላይ የተቀነሰው ከሰባት አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነበር። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትዕግሥት ሰማችኝና ሁሉም ልክ እንደሆነ ነገረችኝ።

ለሠላሳ ዓመት የፈረምንበትን ነገር ማንበብ የጀመርነው ያን ቀን ነው። እዚህ አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ቤት የገዛ ሀበሻ ሲገናኝ ወሬው ስለ ወለዱና ስለ ሰፈሩ ነው። ወረቀቱ ላይ ስላሉት ቁጥሮች ብዙ አይወራም። ቀድሞ መክፈል ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ ያለው እዚያው ወረቀት ላይ ነው።

እስቲ በምሳሌ እንየው። ብድሩ 400,000 ዶላር፣ ወለዱ የማይለወጥ 6.5 በመቶ፣ ዘመኑ 30 ዓመት ነው እንበል። ወርሃዊ ክፍያው 2,528 ዶላር ይሆናል። ባንኩ በየወሩ ሰብስቦ የሚከፍልላችሁ የቤት ታክሱና ኢንሹራንሱ፣ ኤስክሮው የሚሉት፣ ከዚህ በላይ የሚጨመር ነው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። ባንኩ በየወሩ የቀረውን ዕዳ ያይና የ6.5 በመቶን አሥራ ሁለተኛ እጅ ያሰላል። ያንን አስቀድሞ ለራሱ ያነሳል። በመጀመሪያው ወር 2,167 ዶላር ነው። የተረፈችው 361 ዶላር ከዋናው ብድር፣ ከፕሪንሲፓሉ፣ ትቀነሳለች። በሁለተኛው ወር ዕዳው ትንሽ ስላነሰ ወለዱም ያንሳል። በስንት? በሁለት ዶላር።

እንዲህ እያለ ይሄዳል። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳታዘገዩ ከከፈላችሁ ከኪሳችሁ 151,700 ዶላር ገደማ ይወጣል። ዕዳው የቀነሰው ግን 25,500 ዶላር ገደማ ነው። ከወርሃዊ ክፍያው ውስጥ የፕሪንሲፓሉ ድርሻ የወለዱን ድርሻ የሚበልጠው ሃያኛው ዓመት ላይ ነው። ሠላሳው ዓመት ሲያልቅ የከፈላችሁት ወለድ ብቻ 510,000 ዶላር ደርሷል። ሞርጌጅ የሚለው ቃል ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን በቁሙ "የሞተ መያዣ" ማለት ነው ይባላል። እኔ ይህን የሰማሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ብሰማ እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በሁለተኛው ወር ከዋናው ብድር ሊቀነስ የታሰበው 364 ዶላር ገደማ ነው። ያንን ዛሬ፣ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ጋር ጨምራችሁ ብትከፍሉ ዕዳችሁ ሁለተኛውን ወር ከጨረሰ ሰው ዕዳ እኩል ይሆናል። የሁለተኛውን ወር 2,165 ዶላር ወለድ ዘለላችሁት ማለት ነው። የየወሩ ክፍያ በየረድፉ በተዘረዘረበት የብድሩ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ወደ ታች ወረዳችሁ። ይህ ትርፍ ግን አሁኑኑ ኪሳችሁ አይገባም። የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ ሙሉ ክፍያ ሲቀርላችሁ ነው። ሰው መሃል ላይ የሚሰላቸውም ለዚህ ይመስለኛል።

በየወሩ 200 ዶላር ብትጨምሩ ያ የሠላሳ ዓመት ብድር በ24 ዓመት ከ5 ወር ያልቃል፤ ወደ 112,000 ዶላር ወለድ ይቀርላችኋል። 500 ዶላር ከጨመራችሁ 19 ዓመት ከ5 ወር ነው፤ የሚቀረው ወለድ ከ205,000 ዶላር በላይ ይሆናል። ጊዜው ደግሞ ከመጠኑ እኩል ወሳኝ ነው። 10,000 ዶላር አግኝታችሁ በመጀመሪያው ወር ፕሪንሲፓሉ ላይ ብትጥሉት 55,000 ዶላር ገደማ ወለድ ያድናል። ያንኑ 10,000 በሃያኛው ዓመት መጨረሻ ብትከፍሉት የሚያድነው 8,800 ገደማ ነው። "ልጆቹ ይደጉና፣ ትንሽ እንረጋጋና እንጀምራለን" የሚለው ሐሳብ ብዙ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምትወጣ ሃምሳ ዶላር ጉልበቷ ከኋለኛዋ ሁለት መቶ አይተናነስም።

እኛ መጀመሪያ ላይ ተሸውደናል። አራት ወር ሙሉ 200 ዶላር እየጨመርን ስንልክ ክፍያውን የሚሰበስበው ድርጅት ገንዘቡን ለሚቀጥለው ወር ቅድመ ክፍያ አድርጎ ያስቀምጠው ነበር። ከዋናው ብድር ላይ ቤሳ አልተነሳም። ሕገ ወጥ ሥራ አልሠሩም፤ እኛም "ይህ ለፕሪንሲፓል ነው" ብለን አልነገርናቸው። ስለዚህ በስልክ መተግበሪያው ላይ ስትከፍሉ ለፕሪንሲፓል ብቻ የሚለውን ሳጥን ፈልጉ። በቼክ ከሆነ ቼኩ ላይ ጻፉት። ከዚያ በሚቀጥለው ወረቀት የቀረውን ዕዳ ካለፈው ወር ጋር አስተያዩ። ካልቀነሰ ደውሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክሉታል።

"በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ክፍያ ክፈሉ" የሚል ማስታወቂያም ይመጣላችኋል። ተአምር የለበትም። ዓመት 52 ሳምንት ነው፤ 26 ግማሽ ክፍያ 13 ሙሉ ክፍያ ይሆናል። ስለዚህ በዓመት አንድ ክፍያ ትጨምራላችሁ ማለት ነው። ለዚህ አገልግሎት የሚያስከፍሉ ድርጅቶች አሉ። ወርሃዊ ክፍያውን ለ12 አካፍሉና ያንን በየወሩ ራሳችሁ ጨምሩ፤ ያው ነው፣ በነፃ።

ቀድሞ በመክፈል የሚመጣ ቅጣትስ? ከ2014 ጀምሮ በወጣው ደንብ መሠረት በተለመደው የቤት ብድር ላይ ቅጣት ቢኖር እንኳ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አያልፍም፤ በሁለቱ ዓመታት እስከ 2 በመቶ፣ በሦስተኛው እስከ 1 በመቶ ነው። የፌደራል መንግሥት ዋስትና ያለው የኤፍኤችኤ ብድር ላይ ጭራሽ አይፈቀድም። ውላችሁን ግን አንብቡ፤ በተለይ ለኪራይ የገዛችሁት ቤት ከሆነ።

እስካሁን የጻፍኩትን አንብቦ ሁሉም ሰው ነገውኑ ይክፈል ማለቴ አይደለም። ሁለት ጎረቤታሞችን አስቡ። በጃንዋሪ 2021 የሠላሳ ዓመት ሞርጌጅ አማካይ ወለድ 2.65 በመቶ ወርዶ ነበር። በኦክቶበር 2023 ደግሞ 7.79 በመቶ ደረሰ። ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ በዚያ፣ ሌላው በዚህ ወለድ የተገዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀድሞ የከፈላችሁት ዶላር የሚያተርፍላችሁ የወለዳችሁን መጠን ነው፣ ከዚያ አያልፍም። በ2.65 የተበደረው ሰው በ2023 እና በ2024 ገንዘቡን ከ4 በመቶ በላይ በሚከፍል የቁጠባ ሒሳብ ቢያስቀምጥ ይሻለው ነበር። በ7.79 የያዘው ግን ያለ ምንም ሥጋት 7.79 የሚሰጠው ሌላ ቦታ በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ስላልጣደፈ ሰነፍ አትበሉት፤ እናንተም ስለጣደፋችሁ ሞኝ አይደላችሁም። ሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ ጉዳዩ ከሒሳብ ያልፋል፤ ከወለድ መውጣቱ ራሱ ግብ የሆነበት ቤት ብዙ ነው።

"ወለዱ እኮ ከታክስ ይቀነሳል፣ ምን አስቸኮለህ?" የሚል ወዳጅ አይጠፋም። የሚቀነሰው ወጪያችሁን ዘርዝራችሁ ካቀረባችሁ ነው። በ2024 ባልና ሚስት አንድ ላይ ሲያሳውቁ ያለ ምንም ዝርዝር የሚፈቀድላቸው ተቀናሽ 29,200 ዶላር ነበር። ዝርዝራችሁ ከዚያ ካልበለጠ የሞርጌጁ ወለድ ምንም አልጨመረላችሁም። ከበለጠም የ22 በመቶ ታክስ ከፋይ ለባንክ 1 ዶላር ከፍሎ 22 ሳንቲም ነው የሚመለስለት። 78 ሳንቲሙን ማን መለሰ?

ከሞርጌጁ የሚቀድሙ ነገሮችም አሉ። ከ20 በመቶ በላይ የሚያስከፍል የክሬዲት ካርድ ዕዳ ተሸክሞ የ6.5 በመቶ ዕዳን ማሳደድ ቤቱ እየነደደ አጥር እንደማጠር ነው። አሠሪያችሁ ለጡረታ፣ ለ401ኬ፣ እኩል የሚያዋጣ ከሆነ ያንን ሳትወስዱ አትለፉ። ከሁሉም በፊት ግን በእጅ የሚገኝ ተጠባባቂ ገንዘብ ያስፈልጋል።

በዚህ ጉዳይ ትንሽ ልቆይ። ግድግዳ ውስጥ የገባ ገንዘብ በቀላሉ አይወጣም። 30,000 ዶላር ቀድማችሁ ከፍላችሁ ሥራ ብታቆሙ ባንኩ "ብዙ ከፍለውልናል፣ እስኪሻልዎት ይረፉ" አይላችሁም። የሚቀጥለው ወር 2,528 ዶላር እንዳለ ይጠበቃል። በማርች 2020 ታክሲው፣ ሆቴሉ፣ ሬስቶራንቱና የኤርፖርቱ ሥራ በአንድ ሳምንት ቀጥ ሲል የኛ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። ያኔ ኮንግረስ ባወጣው ሕግ በመንግሥት የተደገፈ ብድር ያለው ሰው እስከ 180 ቀን፣ ካስፈለገም ሌላ 180 ቀን ክፍያ ማቆየት ቻለ። ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ሕግ አይወጣም። የሦስት ወይም የስድስት ወር ወጪ በእጅ ሳይኖር ፕሪንሲፓል አትንኩ። ኡበር የሚነዳ፣ ገቢው ከፍ ዝቅ የሚል ሰው ስድስቱንም ወር ይያዝ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የ15 ዓመት ብድር ከመውሰድ 30ውን ወስዶ በደጉ ወር መጨመር ይሻላል ባይ ነኝ። የ15 ዓመቱ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ያለው ክፍያ ግን በደጉም በክፉውም ወር ግዴታ ነው። ሌላው መንገድ ሪካስት የሚባለው ነው። ዳጎስ ያለ ገንዘብ ፕሪንሲፓሉ ላይ ጥላችሁ ባንኩ የወር ክፍያውን በቀረው ዕዳ ልክ ዝቅ አድርጎ እንዲያሰላው ትጠይቃላችሁ። ወለዱና ዘመኑ ሳይለወጥ ወርሃዊው ሸክም ይቀላል። ለዚህ የሚጠየቀው የአገልግሎት ዋጋ ከሪፋይናንስ፣ አሮጌውን ብድር በአዲስ ከመተካት፣ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኤፍኤችኤ ላይ ግን አይሠራም።

ከቤቱ ዋጋ ከ20 በመቶ በታች ቅድሚያ፣ ዳውን የሚሉትን፣ ከፍላችሁ የገዛችሁ ደግሞ ፒኤምአይ የሚባለውን ኢንሹራንስ ትከፍላላችሁ። የሚጠብቀው ባንኩን ነው፤ ከፋዩ እናንተ ናችሁ። በ1998 በወጣው ሕግ ዕዳው ከቤቱ የመጀመሪያ ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲነሣላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። 78 በመቶ ላይ ሳትጠይቁ ይነሣል፤ እዚህች ጋ ግን አንዲት ነገር አለች። ሳይጠየቅ የሚነሣው በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይ በተጻፈው ቀን ነው። እናንተ ጨምራችሁ ከፍላችሁ ሦስት ዓመት ቀድማችሁ ብትደርሱ ሠንጠረዡ አያውቅላችሁም። በጽሑፍ ጠይቁ። ከ10 በመቶ በታች ዳውን የተከፈለበት የኤፍኤችኤ ብድር ላይ ያለው ኢንሹራንስ ግን ብድሩ እስካለ ድረስ አብሮ ይኖራል፤ ከሱ የሚገላግለው ሪፋይናንስ ወይም ብድሩን ጨርሶ መዝጋት ነው።

እቁባችንስ? ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ አላየሁም፣ እኔ ግን ብዙ አስቤበታለሁ። አሥር ሆነን በወር 1,000 ዶላር ስንጥል ዕጣው 10,000 ነው። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበድሮ የወለድ ዕዳ ከፈለ ማለት ነው። በ6.5 በመቶ ዕዳ ላይ 10,000 ዶላር በወር 54 ዶላር ወለድ ያስቀራል። በመጀመሪያና በመጨረሻ የደረሳቸው ሰዎች ልዩነት ዘጠኝ ወር ነው፣ ወደ 490 ዶላር። መጨረሻ የደረሰው ሰው በሒሳብ ብቻ ካየነው 1,000ውን በየወሩ ራሱ ፕሪንሲፓሉ ላይ ቢከፍል ይሻለው ነበር። ግን ይከፍል ነበር ወይ? እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። የእቁብ ዳኛችን ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት "ልጄ፣ እየጠበቅንህ ነው" ብለው ካልደወሉልኝ 1,000ው የት እንደሚገባ እግዜር ይወቀው። ይሉኝታም ለቁጠባ ይጠቅማል። ብቻ ከማታውቁት ሰው ጋር አትግቡ፤ ዕጣውን በልቶ ስቴት የቀየረ ሰው ታሪክ በየከተማው አለ።

200 ወይም 500 ዶላሩ ከየት ይመጣል? የኛ ቤት መልስ ምሳ መቋጠር ነው። ምሳ መቋጠርና ቋጣሪ መሆን ግን ይለያያሉ፤ እኔ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ነገር ቆረጥኩ። ልደት አንሄድም፣ እንግዳ አንጠራም፣ ማሞቂያው ዝቅ ይበል። ባለቤቴ አንድ ቀን ጋቢ ተከናንባ ሶፋ ላይ ተቀምጣ "ቤት የገዛነው ልንኖርበት መስሎኝ" አለች። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ የምንቆርጠው ሳይሰማን የሚሄደውን ገንዘብ ነው። የማናያቸው የቲቪ ክፍያዎች፣ ዋጋው ሳይጠየቅ በየዓመቱ የሚታደስ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ከምግብ አቅራቢ መተግበሪያ የሚታዘዝ እራት። መኪናችን ዕዳዋ አልቋል፤ እስክትቆም ትነዳለች። እንደኔ እምነት ከምንም በላይ ትልቁ ቁጠባ ይህ ነው፤ አዲስ መኪና በወር የሚወስደው ብቻውን ዓመታት ያሳጥራል። ቡና እዚሁ ቤት ይቆላል፣ የጭስ ማንቂያው ይጮሃል፣ ልጆቹ በፎጣ ያራግቡለታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የአስቤዛው ወጪ ሲወርድ ልዩነቱን ለፕሪንሲፓል እንልካለን። ዘንድሮ ግን የጾም በያይነቱ እያልን ሬስቶራንት ተመላልሰን የሁዳዴው ወጪ ከፍስኩ በለጠ፤ ይሄም ያጋጥማል። ቤዝመንት፣ ምድር ቤት፣ ያላችሁ ደግሞ አከራዩ፣ የካውንቲውን፣ የአካባቢውን አስተዳደር፣ ፈቃድ አውጥታችሁ።

ሦስት ነገር አይነካም ብለን ተስማምተናል፤ ለእናቶቻችን የሚላከው፣ ለቅሶና ሠርግ፣ በየሦስት ዓመቱ ልጆቹን አዲስ አበባ መውሰድ። ሻንጣው ግን ሁለት፣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ነው። ለአክስት ልጅ ጎረቤት የሚሆን ስልክ ከእንግዲህ አይገባበትም።

ተስፋ የሚያስቆርጠው ትልቁን ቁጥር ማየት ነው። 374,000 ዶላር የሚል ወረቀት በየወሩ ማየት ሰው ያደክማል። እኛ ፍሪጁ ላይ የለጠፍነው የሠንጠረዡን ረድፎች ነው። ጨምረን ስንከፍል የተዘለለውን ረድፍ ትንሿ ልጄ በቀይ እርሳስ ትሰርዘዋለች። ባለፈው ጥር አንድም አልሰረዘችም፤ ማሞቂያው ተበላሽቶ ገንዘቡ እዚያ ሄደ። "አባቢ፣ ተቀጣን?" አለችኝ። አልተቀጣንም፤ የወሩን መደበኛ ክፍያ ከፍለናል፣ ሠንጠረዡም በራሱ አንድ ረድፍ ወርዷል።

የመጨረሻው ወር ሲደርስ ወረቀቱ ላይ የምታዩትን ቀሪ ዕዳ ብቻ ልካችሁ አትቀመጡ። ወለድ በየቀኑ ስለሚቆጠር ብድሩን የሚዘጋውን ትክክለኛ ድምር፣ እስከ የትኛው ቀን እንደሚሠራ ተጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከተዘጋ በኋላ ባንኩ ቤታችሁ ላይ ያለውን መያዣ ማንሣቱ በካውንቲው መዝገብ መስፈር አለበት፤ ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ። ኤስክሮው ውስጥ የተረፈው ገንዘብ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለስላችኋል። ቶሎ አታጥፉት። ከዚያ ወዲያ የቤት ታክሱና የኢንሹራንሱ ሒሳብ በስማችሁ፣ በቀጥታ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው።